ሒሳብ ሳይሆንላችሁ ሪሜዲያል ለምትገቡ፦ ከዝግጅት እስከ ማዕከላዊው ፈተና

ይህ መመሪያ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤቱ ለቀጥታ መግቢያ ሳይበቃ ቀርቶ የሪሜዲያል (ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሰጥ የማካካሻ ትምህርት) ዕድል ላገኘና ከትምህርቶቹ ሁሉ ሒሳብ ለሚያስፈራው ተማሪ የተዘጋጀ ነው። በሒሳብ ደህና የሆነ ሰው አያስፈልገውም።

አወዳደቁ በየዓመቱ ይመሳሰላል። ተማሪው ሞጁሉን ከገጽ አንድ ይጀምራል። የመጀመሪያው ሳምንት ደህና ያልፋል። በሦስተኛው ሳምንት መምህሩ በአንድ መስመር የዘለለው ነገር ይጠፋበታል። ያ የተዘለለው መስመር አብዛኛውን ጊዜ የ7ኛ ክፍል ክፍልፋይ ወይም የኔጌቲቭ ምልክት ነው እንጂ የ12ኛ ክፍል ትምህርት አይደለም። ተማሪው ግን «ሎጋሪዝም አልገባኝም» ብሎ ሎጋሪዝሙን ደጋግሞ ያነባል። በሁለተኛው ወር የወርክሺት መልስ መሸምደድ ይጀምራል፤ ፈተናው ላይ ቁጥሩ ሲቀየርበት ያበቃለታል።

እዚህ ያለው ቅደም ተከተል መጀመሪያ ትንሽ ወደ ኋላ ይመልሳችኋል። ጊዜ የሚያባክን ስለሚመስል ብዙዎች የሚዘልሉት ይኸው ክፍል ነው። አትዝለሉት።

1. ደንቡን አረጋግጡ፣ የሚያስፈልጋችሁን ነጥብ አስሉ

እስካሁን በተለመደው አሠራር ከመቶው 30ው ዩኒቨርሲቲው በኩዊዝ፣ በአሳይመንትና በመሳሰሉት የሚይዘው ነው፤ 70ው ከማዕከል በሚመጣው ፈተና ይያዛል። ደንቡ በየዓመቱ ሊሻሻል ስለሚችል በገባችሁበት ዓመት የወጣውን ማስታወቂያ ራሳችሁ አንብቡ፤ የዶርም ወሬ አይበቃም። በተለይ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የነጥቡ ክፍፍል ስንት በስንት ነው? ማለፊያው በየትምህርቱ ነው ወይስ በድምር? ኩዊዝ ያመለጠው ተማሪ ማካካሻ ያገኛል?

ከዚያ ወረቀት ላይ አስሉ። በሒሳብ 50 ማምጣት ትፈልጋላችሁ እንበል። ከ30ው 24 ከያዛችሁ ከማዕከላዊው ፈተና የሚቀራችሁ ከ70 26 ነው፤ ይህም 37 በመቶ ገደማ ነው። ከ30ው 12 ብቻ ከያዛችሁ ግን ከ70 38 ያስፈልጋችኋል፤ ከ54 በመቶ በላይ ማለት ነው። በሒሳብ ለደከመ ሰው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት ትልቅ ነው። አሳይመንቱን ከጓደኛ ገልብጦ ማስረከብና «ኩዊዝ እኮ 5 ነጥብ ብቻ ነው» ማለት የሚጎዳውም ለዚህ ነው። የ30ው ነጥብ ጥያቄ መምህሩ ክፍል ውስጥ ከሠራው ብዙም አይርቅም፤ በቀላሉ የሚገኘው ነጥብ እሱ ነው።

2. ከመሄዳችሁ በፊት የሚያዝና የማይያዝ

የሚያዘው ይህ ነው፦
- የ7ኛ፣ የ8ኛ፣ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል የሒሳብ መማሪያ መጻሕፍት። ወረቀቱ ካልተገኘ ፒዲኤፉን ስልካችሁ ላይ አውርዱ፤ ግቢ ከገባችሁ በኋላ ኔትወርክ ላይ አትመኩ።
- ሦስት ደብተር፦ አንዱ ለክፍል፣ አንዱ ለልምምድ፣ አንዱ ለስህተት ብቻ። ሦስተኛው ትንሽ ቢሆንም ይበቃል።
- ማስመሪያ፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ የእጅ ሰዓት። ስልክ በማይገባበት ፈተና ሰዓት ማየት የምትችሉት በእጃችሁ ባለው ነው።

የማይያዘው ካልኩሌተር ነው። ቤት ተዉት። ብሔራዊ ፈተናን የለመደ ሰው ካልኩሌተር እንደማይገባ ያውቃል፤ በልምምድ ጊዜ የተደገፈበት ሰው ግን 17 × 6 ላይ ሁለት ደቂቃ ያቃጥላል። እንዲሁም ከቴሌግራም የተሰበሰበ መቶ ፒዲኤፍ ይዛችሁ አትሂዱ። አንድ ሞጁል፣ የመምህሩ ወርክሺትና የቆዩ መማሪያ መጻሕፍት ይበቃሉ።

3. ክፍተታችሁን በ40 ደቂቃ ለዩ

«ሒሳብ አልችልም» የሚለው ምንም አይነግራችሁም። የትኛውን እንደማትችሉ እወቁ። የሚከተሉትን 12 ጥያቄዎች ያለ ካልኩሌተር፣ ያለ ጓደኛ፣ እያንዳንዱን መስመር እየጻፋችሁ ሥሩ። መልሱ ከታች አለ፤ ሳትጨርሱ አትዩት።

1) −7 − 5
2) (−3) × (−4) + 2 × (−5)
3) 8 − 2(3 − 5)
4) 2/3 + 1/4
5) 3/5 ÷ 9/10
6) −3² እና (−3)² ስንት ስንት ናቸው?
7) 2³ × 2⁴
8) 5(ኤክስ − 2) = 3ኤክስ + 8 ከሆነ ኤክስ ስንት ነው?
9) (ኤክስ + 3)² ን ዘርዝሩ
10) ኤክስ² − 5ኤክስ + 6 = 0
11) 640 ብር የነበረ ጫማ 15 በመቶ ቢቀነስለት ስንት ይሸጣል?
12) −2ኤክስ < 6

መልሶቹ፦ 1) −12፤ 2) 2፤ 3) 12፤ 4) 11/12፤ 5) 2/3፤ 6) −9 እና 9፤ 7) 128፤ 8) 9፤ 9) ኤክስ² + 6ኤክስ + 9፤ 10) 2 እና 3፤ 11) 544 ብር፤ 12) ኤክስ > −3።

አሁን ውጤቱን በቡድን አንብቡት። 1፣ 2፣ 3 ወይም 6 ከተሳሳተ ችግሩ ምልክትና ቅንፍ ላይ ነው፤ ከሁሉም በፊት የሚጠገነው ይህ ነው። 4 እና 5 የክፍልፋይ፣ 7 የፓወር፣ 8 እና 12 የኢኩዌሽንና የኢንኢኳሊቲ፣ 9 እና 10 የመዘርዘርና ፋክተር የማድረግ፣ 11 የመቶኛ ናቸው። ስምንትና ከዚያ በላይ ካገኛችሁ ደረጃ 4ን በአንድ ሳምንት መጨረስ ትችላላችሁ። ከአምስት በታች ካገኛችሁ ሦስት ሳምንት መድቡለት። ከዚያ በላይ ግን አትቆዩበት፤ ሞጁሉ ቆሞ አይጠብቃችሁም።

4. መሠረቱን ጠግኑ፣ ክፍሉንም ሳትለቁ

በቀን አንድ ሰዓት ለዚህ ብቻ መድቡ። ጠዋት ከክፍል በፊት ቢሆን ይሻላል፤ ማታ የደከመ ጭንቅላት ምልክት ይስታል። ቅደም ተከተሉን አትቀይሩ፤ የኋለኛው በፊተኛው ላይ የቆመ ነው።

ሀ) የማባዛት ሰንጠረዥ። እስከ 12 ድረስ ያለ ማሰብ መውጣት አለበት። ለዚህ በቀን አሥር ደቂቃ በቂ ነው። የሚያሳፍር መስሎ ከታያችሁ ዶርም ውስጥ ሳይሆን ከግቢ ውጭ ስትሄዱ በልባችሁ በሉት፤ ግን በሉት።

ለ) ምልክትና ቅንፍ። ከማንኛውም ነገር በላይ ነጥብ የሚበላው ከቅንፍ ፊት ያለ ኔጌቲቭ ነው። −(ኤክስ − 4) ሲከፈት −ኤክስ + 4 ይሆናል፤ ብዙ ተማሪ −ኤክስ − 4 ብሎ ይጽፋል። መፍትሔው ቀላል ቢሆንም አሰልቺ ነው፦ ቅንፍ ስትከፍቱ መስመሩን አትዝለሉ። መጀመሪያ (−1) × ኤክስ፣ ቀጥሎ (−1) × (−4) ብላችሁ ጻፉት። ለሁለት ሳምንት እንዲህ ካደረጋችሁ እጃችሁ ይለምደዋል፤ ከዚያ ወዲያ ማሳጠር ትችላላችሁ።

ሐ) ክፍልፋይ። ሲደመርና ሲቀነስ የጋራ ታህት ይፈለጋል፤ ሲባዛ አይፈለግም፤ ሲካፈል ሁለተኛው ተገልብጦ ይባዛል። ይህን ሁሉም ይሸመድዳል። አደጋው ያለው ማጣፋቱ ላይ ነው። (ኤክስ + 6)/6 ውስጥ ሁለቱን 6 አጣፍቶ «ኤክስ» ብሎ የሚያስቀር ተማሪ በየክፍሉ አለ። ማጣፋት የሚቻለው ላዕሉ በሙሉ በብዜት ሲሆን ብቻ ነው፤ መደመር ወይም መቀነስ ካለበት መጀመሪያ ፋክተር አድርጉ። ካልሆነ አትንኩት።

መ) ፓወርና ሩት። ቤዙ ተመሳሳይ ሆኖ ሲባዛ ፓወሩ ይደመራል፣ ሲካፈል ይቀነሳል። ፓወሩ ኔጌቲቭ ሲሆን ቁጥሩ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ መልሱ ኔጌቲቭ አይሆንም፦ 2⁻³ ማለት 1/8 ነው፤ −8 አይደለም።

ሠ) ኢኩዌሽንና ኢንኢኳሊቲ። በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ነገር አድርጉ፤ ያደረጋችሁትንም በጎን ጻፉ። በኔጌቲቭ ቁጥር ስታባዙ ወይም ስታካፍሉ የኢንኢኳሊቲው አቅጣጫ ይገለበጣል፤ 12ኛው ጥያቄ የተቀመጠው ለዚህ ነው።

ረ) መዘርዘርና ፋክተር ማድረግ። ይህን በደንብ ከያዛችሁ ከሞጁሉ ግማሹ ይከፈትላችኋል። በቀን አሥር ኳድራቲክ ፋክተር አድርጉ፤ መልሳችሁን መልሳችሁ በመዘርዘር አረጋግጡ።

ይህ ሁሉ ሳይገባችሁ ቢቀርም የምትጠቀሙበት አንድ መፈተሻ አለ፦ ቁጥር አስገቡ። (ኤክስ + 6)/6 በእርግጥ ኤክስ ነው? ኤክስን 6 አድርጉት፤ 12/6 = 2 ይሆናል፣ 6 አይሆንም። እንግዲያው ስህተት ነው። (3 + 4)² ከ3² + 4² ጋር እኩል ነው? አንዱ 49፣ ሌላው 25 ነው። ደንቡን የረሳ ሰው በአሥር ሰከንድ ሐሰቱን ሊያወጣው ይችላል፤ በፈተናም ላይ ይሠራል። ለመፈተሻ 0ን እና 1ን አትምረጡ፤ እነሱ ብዙ ስህተት ይደብቃሉ።

ካልተሳካ፦ አንዱን ርዕስ ሦስት ቀን ሠርታችሁ አሁንም ከአሥር ጥያቄ ከአራት በላይ የምትስቱ ከሆነ ያንኑ ገጽ ለአራተኛ ጊዜ አታንብቡ። በአንድ ክፍል ዝቅ በሉ። የ9ኛው መጽሐፍ ካልገባችሁ የ8ኛውን፣ የ8ኛው ካልገባችሁ የ7ኛውን ክፈቱ። በአማርኛ ወይም በሌላ የአፍ መፍቻ ቋንቋ የተማራችሁት ክፍል ካለ በዚያው ቋንቋ አንብቡት፤ ሐሳቡ ከገባችሁ በኋላ የእንግሊዝኛውን ስም መያዝ የአንድ ምሽት ሥራ ነው።

5. ክፍል ውስጥ

ሪሜዲያል ክፍል ብዙ ተማሪ የሚቀመጥበት፣ መምህሩም በጥቂት ወራት የአራት ዓመት ትምህርት የሚያስኬድበት ነው። ይፈጥናል፤ ለእናንተ ብሎ አይቆምም። ስለዚህ፦

- ከክፍሉ በፊት በነበረው ምሽት የሚቀጥለውን ርዕስ ትርጓሜና የመጀመሪያ ምሳሌ ብቻ አንብቡ፤ ሃያ ደቂቃ። እንዲገባችሁ አይደለም፤ ቃሉ ሰሌዳው ላይ እንግዳ እንዳይሆንባችሁ ነው።
- ከፊት ተቀመጡ። ከኋላ ሰሌዳው ላይ 3 እና 8 አይለዩም።
- ሰሌዳውን ስትገለብጡ የጠፋባችሁ መስመር ላይ ሲደርስ በጎኑ ጥያቄ ምልክት አድርጉና መገልበጡን ቀጥሉ። እዚያው ቆማችሁ ስታስቡ የሚቀጥሉት አምስት መስመሮች ያመልጣሉ።
- ጥያቄ ምልክቶቹን በዚያው ቀን ዝጉ። የሁለት ቀን ምልክት ሲከማች ክፍሉ ከእጃችሁ ይወጣል።

መምህር ጋር ስትሄዱ «ይህ ምዕራፍ አልገባኝም» አትበሉ፤ ለዚህ የሚመለስ መልስ የለም። የሠራችሁበትን ወረቀት ይዛችሁ «መምህር፣ እስከዚህ መስመር ደርሻለሁ፤ ከዚህ ወደዚህ እንዴት እንደመጣ ጠፋኝ» በሉ። በሁለት ደቂቃ ይመልስላችኋል፤ በሚቀጥለው ጊዜም በደስታ ይቀበላችኋል። ባዶ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ተማሪ መምህርን ያሰለቻል፤ እውነቱን መናገር ይሻላል።

6. ከክፍል በኋላ፦ ሸፍናችሁ ሥሩ

ከዚህ መመሪያ አንድ ደረጃ ብቻ ብትወስዱ ይህን ውሰዱ። የተሠራ ምሳሌ ማንበብ እና ምሳሌውን መሥራት የተለያዩ ናቸው። ቪዲዮ ስታዩ ሁሉም ነገር ግልጽ ይሆናል፤ ወጥ ሲሠራ አይቶ ባለሙያ የሆነ ግን የለም።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦
1) የክፍሉን ምሳሌ ጥያቄውን ብቻ ወደ ልምምድ ደብተር ገልብጡ፤ መፍትሔውን በወረቀት ሸፍኑ።
2) እስከምትችሉበት ድረስ ሥሩ። ስትቆሙ አምስት ደቂቃ ታገሉት።
3) አሁንም ካልሄደ አንድ መስመር ብቻ ግለጡ። ሁሉንም አትክፈቱ።
4) ስትጨርሱ አመሳክሩ። ስህተት ካለ አርማችሁ አትለፉ፤ ገጹን ዝጉና ከመጀመሪያው እንደገና ሥሩት።
5) ከሁለት ቀን በኋላ ያንኑ ጥያቄ ምንም ሳታዩ ሥሩ። እዚህ ላይ ከሄደ የእናንተ ሆነ ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ፦ ሎግ₂ ኤክስ + ሎግ₂ (ኤክስ − 2) = 3።

ሁለቱ ሎጋሪዝሞች ሲደመሩ ውስጣቸው ይባዛል፦ ሎግ₂ [ኤክስ(ኤክስ − 2)] = 3። ወደ ፓወር ሲቀየር ኤክስ(ኤክስ − 2) = 2³ = 8። ሲዘረዘር ኤክስ² − 2ኤክስ − 8 = 0። ፋክተር ሲደረግ (ኤክስ − 4)(ኤክስ + 2) = 0። ስለዚህ 4 ወይም −2። ግማሹ ተማሪ እዚህ ያቆማል፤ ከምርጫዎቹ ውስጥም «4 እና −2» የሚል መልስ ሆን ተብሎ ይቀመጣል። ነገር ግን −2ን ወደ መነሻው ስትመልሱት የኔጌቲቭ ቁጥር ሎጋሪዝም ይመጣል፤ ያ ደግሞ አይቻልም። መልሱ 4 ብቻ ነው። ሎጋሪዝም፣ ሩት ወይም ታህቱ ላይ ኤክስ ያለበት ጥያቄ ሁሉ መልሱን መነሻው ላይ ሳያስገቡ አይዘጋም።

በዚህ አንድ ጥያቄ ውስጥ የሎጋሪዝሙ ትምህርት ሁለት መስመር ብቻ እንደሆነ ልብ በሉ። የቀረው መዘርዘርና ፋክተር ማድረግ ነው፤ ደረጃ 4 ማለት ነው።

የስህተት ደብተሩ። ለእያንዳንዱ ስህተት አንድ መስመር፦ ጥያቄው፣ የተሳሳትኩት መስመር፣ ምክንያቱ። ምክንያቱ «ግድየለሽነት» አይባልም። «ቅንፍ ስከፍት ሁለተኛውን ምልክት አልቀየርኩም» ይባላል። በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ቢሆን፣ ደብተሩን አንብቡ። አንድ ምክንያት ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ የሚቀጥለው ሳምንት የጠዋት ሰዓት የእሱ ነው።

7. ምዕራፎቹን ስታጠኑ፦ የት ላይ ይሰናከላል?

ክፍሉ በሞጁሉ ቅደም ተከተል ይሄዳል፤ እናንተም አብራችሁት ሂዱ። የራሳችሁ ትርፍ ሰዓት ግን ነጥብ ቶሎ የሚሰጠው ላይ ይዋል።

ሲክወንስ ፎርሙላው ጥቂት፣ ጥያቄው የሚገመት ነው። ስህተቱ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው። 7፣ 11፣ 15… ብሎ ለሚሄደው 20ኛው ቁጥር 7 + 19 × 4 = 83 ነው፤ 20 × 4 ብሎ 87 የሚጽፍ ብዙ ነው። ከመጀመሪያው እስከ ሃያኛው ያለው እርምጃ 19 መሆኑን በጣት ቆጥራችሁ እመኑ።

ማትሪክስና ስታትስቲክስም ለደካማ ተማሪ ይመቻሉ። ብዙ ሐሳብ አይጠይቁም፤ ጥንቃቄ ይጠይቃሉ። ማትሪክስ ስታባዙ ረድፉን በግራ እጅ ጣት፣ ዓምዱን በእርሳስ ተከተሉ። ምልክት ላይ ደካማ ከሆናችሁ ዲተርሚናንት ያጋልጣችኋል።

ፋንክሽን ላይ ዶሜይን መፈለግን አትናቁ፤ ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው የሚጠየቀው፦ ታህቱ ዜሮ የሚሆነው የት ነው? ከኢቭን ሩት ወይም ከሎጋሪዝም ውስጥ የማይፈቀድ ቁጥር የሚመጣው የት ነው?

ሊሚትና ደሪቬቲቭ ስማቸው ያስፈራል። ለምሳሌ ኤክስ ወደ 3 ሲጠጋ (ኤክስ² − 9)/(ኤክስ − 3) ወደ ስንት ይጠጋል? ቀጥታ ስታስገቡት 0/0 ይመጣል። ላዕሉን ፋክተር ስታደርጉ (ኤክስ − 3)(ኤክስ + 3) ይሆናል፣ ይጣፋል፣ 6 ይቀራል። ደሪቬቲቭም እንዲሁ፦ የስኩዌር ሩት ኤክስ ደሪቬቲቭ የሚሳሳትበት ሰው 1/2 − 1 = −1/2 የሚለው ላይ ነው የሚወድቀው። የሶሻልና የኔቸራል ሞጁሎች ስፋታቸው ስለሚለያይ የእናንተ ሞጁል ውስጥ የሌለ ምዕራፍ ከጓደኛ ወስዳችሁ አታጥኑ።

ትሪጎኖሜትሪ በጣም ካስቸገራችሁ የ30፣ የ45 እና የ60 ዲግሪ ዋጋዎችን እና በየሩቡ (ኳድራንቱ) ያለውን ምልክት ብቻ ይዛችሁ እለፉ። ሁሉንም ምዕራፍ እኩል መያዝ ግዴታ አይደለም።

8. አብሮ ማጥናት

ከሦስት እስከ አራት ሰው ይበቃል። እያንዳንዱ ብቻውን ሠርቶ ይምጣ፤ ስብሰባው ለማመሳከርና ለመጨቃጨቅ ነው። አንዱ ጎበዝ እየሠራ ሌላው የሚገለብጥበት ቡድን ከሆነ ውጡ። ዶርም ውስጥ ስድስት ሰው እያወራ ሒሳብ አይሠራም፤ ላይብረሪ ወይም ባዶ ክፍል ፈልጉ።

9. ኩዊዝ ወይም ሚድ ላይ ከወደቃችሁ

ወረቀቱን አትቅደዱት። ወረቀቱ ላይ ያገኛችሁትን እያንዳንዱን ስህተት ከሦስት አንዱ ላይ መድቡ፦ ጭራሽ ያላወቅሁት፣ የማውቀው ግን መሠረቱ ላይ የሳትሁት፣ ጊዜ ያለቀብኝ።

የመጀመሪያው ከበዛ ከክፍሉ ጋር እየሄዳችሁ አይደለም፤ ደረጃ 5ን ተመልከቱ። ሁለተኛው ከበዛ ወደ ደረጃ 4 ለአንድ ሳምንት ተመለሱ፤ ነገር ግን የሳታችሁበትን ርዕስ ብቻ። ሦስተኛው ከበዛ እውቀቱ አለ፤ የጎደለው ፍጥነት ስለሆነ በሰዓት መሥራት ጀምሩ። ከዚያ ደረጃ 1 ላይ ያለውን ስሌት በአዲሱ ነጥብ እንደገና ሥሩና ከማዕከላዊው ፈተና ምን ያህል እንደሚያስፈልግ እወቁ።

ነጥብ በስህተት የተደመረ ከመሰላችሁ በትሕትና በዚያው ሳምንት ጠይቁ። ውጤቱ ከተላለፈ በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው።

10. የመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት

አዲስ ምዕራፍ መጀመር የሚቻለው በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ያለፉ ፈተናዎችን በሰዓት ሥሩ። የፈተናውን ደቂቃ ለጥያቄው ቁጥር አካፍሉት፤ ለምሳሌ 50 ጥያቄ በ100 ደቂቃ ከሆነ ለአንዱ ሁለት ደቂቃ ነው።

ምርጫ ያለውን ፈተና እንደ ምርጫ ሥሩት። «2ኤክስ² − 7ኤክስ + 3 = 0 መልሱ የትኛው ነው?» ተብሎ ምርጫ ከተሰጠ ፋክተር ማድረጉ ካልመጣላችሁ ምርጫዎቹን አስገቡ። 3ን ስታስገቡ 18 − 21 + 3 = 0 ይሆናል፤ 3 የሌለበትን ምርጫ ሁሉ ሰርዙ።

ፈተናው በእንግሊዝኛ መሆኑንም አትርሱ። «አት ሊስት 5» ሲል 5 እና ከዚያ በላይ ነው፤ «አት ሞስት 5» ሲል 5 እና ከዚያ በታች። ጥያቄው መጨረሻ ላይ «ኖት» ወይም «ኤክሰፕት» ካለበት ከሥሩ አስምሩ፤ ትክክለኛ የሆነውን የመጀመሪያ ምርጫ አክብቦ የሚሮጥ ተማሪ የሚያውቀውን ነጥብ ይጥላል።

ማስጠንቀቂያ፦ በእነዚህ ሳምንታት «የወጣ ፈተና» እንሸጣለን የሚሉ የቴሌግራም ቻናሎች ይበዛሉ። ገንዘባችሁን ይወስዳሉ፤ ከዚያ የባሰው ግን የላኩትን መልስ ስትሸመድዱ የምታጡት ሌሊት ነው። ፈተና ይዞ መገኘትም ከፈተና ያስወጣል። ከቻናሉ ውጡ።

11. የፈተናው ቀን

- ቁርስ ብሉ፣ የመፈተኛ ካርዳችሁን ያዙ፣ ስልክ ዶርም ተዉ።
- ወረቀቱ ሲሰጣችሁ ከጥያቄ አንድ ጋር አትጣበቁ። የመጀመሪያው ዙር ከዳር እስከ ዳር ነው፤ ወዲያው የሚሠራውን ሥሩ፣ ሌላውን ምልክት አድርጋችሁ እለፉ።
- ሁለተኛው ዙር መንገዱ የሚታወቅ ግን ረዥም ለሆነው ነው። ሦስተኛው ዙር ለቀሪው።
- ጥያቄ ስትዘልሉ የመልስ ወረቀቱም ላይ ዝለሉ። በየአሥሩ ጥያቄ ቁጥሩ መገጣጠሙን እዩ፤ በአንድ የተንሸራተተ መልስ የተቀሩትን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ፈተናው በኮምፒውተር ከሆነ ከመውጣታችሁ በፊት ያልተመለሰ ጥያቄ እንዳለ ተመልከቱ።
- መመሪያው ለስህተት ነጥብ ይቀነሳል ካላለ አንድም ጥያቄ ባዶ አትተዉ። የማይሆኑትን ሁለት ምርጫ ሰርዛችሁ ከቀሪው ገምቱ።
- ድንጋጤ ከያዛችሁ እስክሪብቶውን አስቀምጡ፣ አሥር ጊዜ በዝግታ ተንፍሱ፣ ከዚያ የማትሳሳቱበትን አንድ ቀላል ጥያቄ ፈልጋችሁ ሥሩ።

ከአዳራሹ ስትወጡ መልስ አታመሳክሩ። ከሰዓት ወይም ነገ ሌላ ትምህርት ይጠብቃችኋል፤ የተጠናቀቀውን ሒሳብ ይዞ ፊዚክስ ወይም ጂኦግራፊ ላይ መቀመጥ ሁለተኛውንም ያበላሻል።

የስህተት ደብተሩን አትጣሉት። ካለፋችሁ ፍሬሽማን ላይ ሌላ የሒሳብ ኮርስ ይመጣል፤ የሚጀምረው በሎጂክና በስብስብ (ሴት) ስለሆነ መጀመሪያ አዲስ ይመስላል፣ ወደ ፋንክሽን ሲደርስ ግን የዚሁ ደብተር ጥያቄዎች ይመለሳሉ። ባለው ዕረፍት ደረጃ 3 ላይ ያሉትን 12 ጥያቄዎች አንድ ጊዜ ደግማችሁ ሥሯቸው፤ ከ12ቱ አሁንም የሚስተው ካለ ለዕረፍቱ የተመደበው የቤት ሥራ እሱ ነው።